የነሐሴ ፒራሚድ

የአትጠገብ ጉልበት ሲከዳት የስፖርት መምህርቷ ሸዋረጋ ሮጣ በብብቷ ያዘቻት። ልጅቷ ከሰው ፒራሚዱ ሁለተኛ ረድፍ ወርዳ እቅፏ ውስጥ ገባች። ቀዝቃዛ ላብ አጥምቋታል።

«ጠዋት ምን በልተሽ ነው የመጣሽው?»

ሌሎቹ ልጆች ተያዩ።

«ቲቸር፣ ፍልሰታ እኮ ነው» አለች አንዷ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምንጾመው።»

«ሁላችሁም?»

«ዘይኑልአቢዲን ሲቀር። እሱ ሁለቴ ቁርስ በልቶ ነው የሚመጣው።»

ልጆቹ ሳቁ። ሸዋረጋ አልሳቀችም። የጴንጤ ልጅ ናት፤ በቤታቸው ፍልሰታ ተጹሞ አያውቅም። ነሐሴ ከገባ ወዲህ ልጆቹ ሲደክሙ ስታይ ስንፍና መስሏት ነበር። ሰውነታቸው ይጠንክር ብላ ሩጫ ጨመረች፣ ቁጢጥ ብድግ ጨመረች። ባዶ ሆድ ላይ ነበር የጨመረችው።

ከአጥሩ ውጭ የመኪና በር ተዘጋ። የመስከረም ሁለቱን የአብዮት በዓል ትርኢት የሚቆጣጠረው ካድሬ ፈንታሁን ጭቃውን እየዘለለ መጣ።

«ጓድ መምህርት፣ ምንድን ነው ይሄ ሁሉ መቀመጥ? የኮምቦልቻዎቹ አራት ፎቅ ሠርተዋል። የናንተ ገና ምድር ቤት ነው!»

«ዕረፍት ነው፣ ጓድ።»

«ይቺስ ምን ሆና ነው?»

ሸዋረጋ ጾም ነው ብትል ነገ የልጆቹ ወላጆች ቀበሌ ይጠራሉ። እሷም ብትሆን ጸሎት ቤቷ ከታሸገ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የት እየሄደች እንደምትጸልይ የሚጠይቅ አይጠፋም።

«ሥራ አብዝቼባቸው ነው» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ፈንታሁን ልጆቹን ትቶ እሷን አያት።

«አሻጥር እንዳይሆን ብቻ። መስከረም ሁለት አንድ ልጅ ቢወድቅ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ፒራሚዱ ቢያጥርም አንቺ ነሽ።»

መኪናው ራቀ።

«ቲቸር፣ ጴንጤ ይዋሻል እንዴ?» አለች አትጠገብ።

«ማብዛቴ ውሸት ነው? በይ ተነሺ፣ ቤትሽ ግቢ።»

ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሰውነት ማፍታታትና ሰልፍ ብቻ ሆነ። ትከሻ ላይ መውጣቱ ልጆቹ ቆርበው፣ ቤታቸው በልተው ሲመለሱ ከሰዓት በኋላ ተደረገ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የደሴ ዝናብ አለ። ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተው ክፍል ውስጥ ሠሩ፤ ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ስለነበር ከሁለት ረድፍ በላይ አያስወጣም። መኪና በሰማች ቁጥር ሸዋረጋ ወደ መስኮቱ ትሄዳለች።

ጾሙ ሲፈታ ሜዳ ወጡ፣ ሦስተኛውን ረድፍ ጨመሩ። የታችኞቹን ልጆች ጭን በእጇ እየነካች ፈተነች፤ ይንቀጠቀጣል። ለአራተኛው ቢያንስ አንድ ወር ያስፈልጋል፤ የቀራት ግን ሦስት ሳምንት ነው። ፈንታሁን መጥቶ «አራተኛው የታለ?» አላት።

«አይወጣም።»

«እምቢ ማለትሽ ነው?»

«እግራቸው አልደረሰም፣ ጓድ» አለች።

መስከረም ሁለት የደሴ ልጆች ፒራሚድ በሦስት ረድፍ ቆመ፤ የኮምቦልቻዎቹ በአራት። አትጠገብ ከጫፉ ላይ ባንዲራ አውለብልባ፣ ሳትወድቅ በእግሯ ወረደች።

በጥቅምት፣ ፒራሚዱ አጠረ ብለው ሸዋረጋን ከደሴ ወደ ትንሿ ኩታበር አዛወሯት። እዚያ በስፖርት ፈንታ ሒሳብ አስተማረች።