የሃያ ሦስተኛው ፈረሰኛ ጀርባ

በቁይና በደብረ ማርቆስ መካከል እንግሊዝኛን ያለ አስተማሪ የተማረ ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም። ነበርሁ የሚል ካለ ይምጣና እንነጋገር፤ በፈለገው ቋንቋ።

ጣልያን ደብረ ማርቆስን በያዘበት ዘመን የሃያ ዓመት የቅኔ ተማሪ ነበርሁ። ጉባኤያችን ሲበተን ቁይ ወዳለው አጎቴ ቤት ገባሁ። አጎቴ ቡና በበቅሎ ጭኖ እስከ ሱዳን ጠረፍ ይወርዳል፤ ሲመለስ ከአቡጀዲው መካከል የእንግሊዝ ሲጃራ ደብቆ ያመጣል። በየፓኮው ውስጥ ሦስት ጣት የምታክል ወፈር ያለች ካርድ ነበረች። በፊቷ ፈረስ ተስሎባታል፤ በጀርባዋ ቁጥርና ጽሕፈት አለባት። አጫሾቹ ሲጃራውን ይዘው ካርዷን ይጥላሉ፤ እኔ ከኋላ አነሳለሁ። ለቤተ ክህነት ልጅ ከአጫሽ ሥር ሥር ማለት ትልቅ ነውር ነው። ትንባሆ ትንባሆ ከሸተትሁ ቤተ መቅደስ እንደማልገባ ቄሶቹ ነግረውኝ ስለነበር፣ ካርዶቹን በጤና አዳም ቅጠል እያሸሁ ሽታቸውን አስለቀቅሁ። ይህንንም ያስተማረኝ የለም።

ፊደሉን ያወቅሁት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው። መንገድ ሥራ የዋለ ጎረቤታችን የፊደሎቹን ስም እየጠራ ነገረኝ፤ በአንድ ሰንበት ስለጨረስሁት እሱን አስተማሪ አልለውም። የቃላቱን ትርጉም ግን ያገኘሁት በራሴ ጭንቅላት ነው። በሁሉም ካርድ ላይ የሚደጋገመው ቃል ፈረስ መሆን አለበት አልሁ፤ ሆኖ ተገኘ። በአራተኛው ካርድ ፈረሱ ከወንዝ ይጠጣል፤ በሌሎቹ የሌለ አንድ ቃል እዚያ አለ፤ እሱ ውኃ ነው። አጎቴ ከሱዳን እንግሊዞች የሰማቸው ጥቂት ቃላት ነበሩትና አነባበቡን በእነዚያ አቃናሁ። ሆርስ፣ ዋተር፣ ሳድል፦ ፈረስ፣ ውኃ፣ ኮርቻ እያልሁ እንደ ዳዊት በዜማ እደግም ነበር።

ካርዶቹ ሃምሳ ናቸው። አርባ ዘጠኙን ሰበሰብሁ፤ ሃያ ሦስተኛው ጠፋ። አሁን የምናገረውን ዘመናዊ ተማሪ ቢሰማ ይስቃል። እኛ በአብነት ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች የትናንቱን ቀለም ሳንዘልቅ የዛሬውን አናይም፤ የኔታ አይፈቅዱም። ካርዶቹ ቁጥር ስላላቸው ተራውን የሚጠብቅ አንድ መጽሐፍ ናቸው ብዬ አመንሁ። ስለዚህ ከሃያ አራት እስከ ሃምሳ ያሉትን ሥዕላቸውን ብቻ አይቼ፣ ጀርባቸውን ሳላነብ በክር አስሬ አስቀመጥሁ። ክረምት ወጣ፣ በጋ ገባ፣ እኔ ሃያ ሁለት ላይ ቆሜአለሁ።

«ሃያ ሦስት አልመጣም?» እለዋለሁ አጎቴን፣ ጭነት በፈታ ቁጥር።

«ሃያ አራትን አታነብም? ማን ያዘህ?»

«ሃያ ሦስትን ሳልዘልቅ?»

«እኔ የማመጣው ሲጃራ ነው፤ ዳዊት አይደለም» ይለኛል።

አንድ ቀን አጎቴ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ለሚኖሩ አንዲት እማሆይ ጨው አድርስ ብሎ ላከኝ። ባላቸው ሞተው ቆብ የደፉ ሴት ናቸው፤ አንድ ልጃቸው ከአርበኞች ጋር ጫካ ነበር። ገብቼ ጨውን ሳስቀምጥ ዓይኔ ምሰሶው ላይ ቀረ። ከእመቤታችን ሥዕል ሥር፣ በቡኮ የተለጠፈ፣ ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ጦር የያዘ ሰው አየሁ። አርባ ዘጠኙን ፈረስ በመልክ አውቃቸዋለሁ፤ የማላውቀው አንድ ብቻ ነው።

«ይህ ምንድን ነው እማሆይ?»

«ዓይን የለህም? ቅዱስ ጊዮርጊስ ነዋ።»

«ከየት አገኙት?»

«ልጄ ጫካ በገባ በሦስተኛው ቀን ደጄ ላይ ወድቆ። እሱ ነው ልጄን የሚጠብቅልኝ።»

«ዘንዶውስ?» አልሁ ሳላስበው።

«ገድሎ ጨርሶታል። እስካሁን ምን ይጠብቃል?»

የሲጃራ ወረቀት ነው ብል ያን ጊዜውኑ ከምሰሶው ፈንቅለው ይወረውሩልኝ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ መጣ። እማሆይ ግን ሲናገሩ ሥዕሉን በጣታቸው ጫፍ ነክተው ጣታቸውን ይስማሉ። ዋጥሁት። ብዙ የምኮራበት ነገር አለኝ፤ ያን ቀን ዝም ማለቴን ግን ከሁሉ አስበልጣለሁ።

«ጀርባው ላይ ጽሕፈት አለ እማሆይ። አንብቤ መልሼ ልለጥፈው።»

«ገድሉ ነው?»

«የፈረሱ ነገር ሳይሆን አይቀርም።»

አሰቡና «እንግዲያው ሦስት ቀን ጹም» አሉኝ። «በልቶ የጠገበ እጅ አይነካውም።»

ጾምሁ። አጎቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ለሲጃራዬ ሱባዔ የገባ ሰው ካንተ ሌላ የለም፤ ለነጋዴዎቹ እነግራቸዋለሁ» አለኝ። ይንገር።

በአራተኛው ቀን እርጥብ ጨርቅ ይዤ ሄድሁ። ቡኮው እስኪለሰልስ ግማሽ ቀን ፈጀ። እማሆይ ከአጠገቤ አልራቁም፤ «ጭንቅላቱን ወደ ታች አትድፋው» ይሉኛል በየደቂቃው። ሲላቀቅ ጀርባው ስድስት መስመር ነበረበት፤ ከላዩ ሃያ ሦስት ይላል። በቁራጭ ብራና ላይ ገለበጥሁት፤ በአዲስ ቡኮ ቦታው መለስሁት፤ እማሆይ ሳሙት።

ካርዱ የእሳቸው ሆኖ ቀረ፤ ቃሉ የእኔ ሆነ። ከስድስቱ መስመር አንዱ ከውኃ ጎን «ክሊን» የሚል ቃል ነበረበት። በሰባተኛው ካርድ ፈረሱን በብሩሽ የሚያጸዳ ሰው ነበረ፤ እዚያም ይኸው ቃል አለ። ሁለቱን አጋጥሜ ንጹሕ ማለት መሆኑን ያዝሁ። ፈረሰኛው ራሱ ሳይጠጣ በፊት ለፈረሱ ንጹሕ ውኃ ይሰጣል ነው የሚለው። በዚያው ሰሞን ክሩን ፈታሁና ሃያ ሰባቱን ካርዶች ተራ በተራ ዘለቅኋቸው።

በሁዳዴ መካከል ጣልያን ወደ ደጀን ሸሸ። ከኋላው አርበኞች መጡ፤ ከእነሱም ጋር ፊቱ በፀሐይ የተላጠ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ነበር። አስተርጓሚያቸው በወባ ወደ ኋላ ቀርቷል። መኮንኑ ይጮሃል፤ ሰው እልል ይላል፤ የሚግባባ የለም። ፈረሶቹና በቅሎዎቹ በጥም ተቃጥለው ወደ ላይኛው ምንጭ ተነዱ። እዚያ ምንጭ ውስጥ ደግሞ አንዲት በቅሎ ሞታ ሦስት ቀን ሆኗታል፤ የሚነዷቸው አርበኞች የሌላ አገር ሰዎች ስለነበሩ አላወቁም፤ ብንነግራቸውም ያለ መኮንኑ ትእዛዝ አንመልስም አሉ።

እማሆይ ልጃቸውን አንገቱን አቅፈው ከሰልፉ መካከል ቆመዋል። በሌላው እጃቸው ጀርባዬን ገፉኝ።

«አንት፣ የጊዮርጊስን ጀርባ ያነበብህ፣ ምን ትጠብቃለህ? ንገረው እንጂ።»

ፊት ለፊቱ ቆምሁ። ወደ ላይኛው ምንጭ እያመለከትሁ «ኖ ክሊን ዋተር» አልሁ፤ እኛ ወደምንቀዳበት ወደ ታችኛው ምንጭ እያመለከትሁ «ክሊን ዋተር፣ ሆርስ» አልሁ። በግዕዝ ንባብ ልማድ እያንዳንዱን ፊደል አጥብቄ ነው የጠራሁት። መኮንኑ ተመለከተኝ፤ አንድ ጊዜ ደገመልኝ፤ እኔም ደገምሁለት። ከዚያ እጁን አነሣና መንጋው ሁሉ ወደ ታች ዞረ።

ፈረሶቹ ሲጠጡ አጎቴ ከሰው መካከል ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። አልሳቀም። «ለካስ ዳዊት ኖሯል የማመጣው» አለ።

እማሆይ ደግሞ የመኮንኑን ነጭ ፈረስ ትክ ብለው አዩና ልጃቸውን ጎሸም አደረጉት። «አላልሁህም? ጦሩን ቤት ትቶት ነው እንጂ እሱው ነው» አሉት። ይህንንም አላስተባበልሁም።