ፊታውራሪው እስኪቀመጡ

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ለመነሳት ሰነፍ ነኝ። ከመኝታ ማለቴ አይደለም፤ ሰው ሲገባ ከመቀመጫ ለመነሳት ነው። ነቀምቴ በነበረው ቤታችን ይህ ቀላል ጥፋት አልነበረም። አባባ ከጎጃም የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ትልቅ ሰው ደጃፉን ሲረግጥ ብድግ ብሎ «ኖር!» ያላለ ልጅ፣ እንግዳው ከወጣ በኋላ ጆሮው ይቆነጠጣል። የኔ ጆሮ ከእህቴ ጆሮ ረዘም ያለው በዚያ ነው እያልኩ እቀልድ ነበር። ከሁለታችን ሴቶች ልጆች ታላቋ፣ እትዬ የምላት እህቴ፣ አንድም ቀን ተቆንጥጣ አታውቅም። እሷ የእንግዳው ከዘራ የደጁን ድንጋይ ሲነካ ሰምታ ትነሳለች። እንግዳው «በእግዜር፣ በእግዜር» እያለ ተቀመጪ ቢላትም፣ እሱ ራሱ ሳይቀመጥ አትቀመጥም። አባባ እንዴት ይኮራባት ነበር! እኔ ደግሞ እሷ ስትመሰገን አንጀቴ እርር ይላል።

ይህን ያነሳሁት ያን አውሮፕላን ያለዚህ ማውራት ስለማልችል ነው።

እትዬ ባኬ ጃማ የሚኖር ቡና ነጋዴ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን አረገዘች። ወሯ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ደም ታያት። ባሏ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሙ ከእኔ የተሻለ ኦሮምኛ የሚናገር ፈረንጅ ነበር፤ አንድ በአንድ አስረዳን። የእንግዴ ልጁ ከታች፣ ልጁ በሚወጣበት በር ላይ ተቀምጧል አለ። ስለዚህ ልጁ የሚወጣው በቀዶ ጥገና ብቻ ነው። ብዙ ደም ይፈስሳታል፣ እዚህ ደግሞ የሚተካላት ደም የለም። አዲስ አበባ መሄድ አለባት፣ ግን በመኪና አይሆንም፤ ያ መንገድ እስከ አኖ ድረስ ብቻ እንኳ እያንገጫገጨ ይገድላታል።

«በአውሮፕላን፣ በጀርባዋ ተንጋልላ» አለ። «ደሙ ቆሟል። ግን እዚያ እስክትደርስ በእግሯ እንዳትቆም። ሰማይ ላይ ከጀመራት ማንም አያስቆመውም።»

እሷን ሳይሆን እኔን እያየ ነው የተናገረው። እኔ ነበርኩ አብሬያት የምሄደው። ያኔ አራተኛ ክፍል አስተምር ነበር፤ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ መጣሁ።

በዚያ ዘመን አውሮፕላኑ ከደምቢ ዶሎ ቡናና ቆዳ ጭኖ እግረ መንገዱን ነቀምቴ ያርፋል። ተራው መንገደኛ ከኋላ ነው የሚቀመጠው፤ ግራና ቀኝ አግዳሚ አለ፣ መሃል መሃሉን ጆንያ ተከምሯል፣ የቆዳው ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ከፊት ግን አረንጓዴ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ወዲያ አንደኛ ማዕረግ ነው። ሰፋፊ፣ ወደ ኋላ የሚተኙ፣ ራስ ማስደገፊያቸው ነጭ ጨርቅ የለበሰ ወንበሮች። እዚያ የሚቀመጠው ሹም ነው፣ ዳኛ ነው፣ ባለ ማዕረግ ነው። የእትዬ ባል ቦታ ሊጠይቅ ሲሄድ የትኬት ሻጩ ሳቀበት አሉ። «ሚስቴ ቡና አይደለችም ከጆንያ ጋር የምትጫነው!» ብሎ ጠረጴዛውን ሲመታ ሰውየው ሳቁን ዋጥ አደረገ። ለምኖም፣ ተቆጥቶም፣ ሰው ልኮም ለሁለታችን ቦታ አገኘ። ለሱ ግን አልተረፈም። በጭነት መኪና ተከትሎን ሊመጣ ማለዳ ወጣ።

እኛ የአውሮፕላኑ ሜዳ ላይ የደረስነው ቀድመን ነው። እትዬን በቃሬዛ አምጥተን ዛፍ ጥላ ሥር አስተኛናት። ሰማዩ ከምዕራብ በኩል እየጠቆረ ነበር፤ ንፋስ የለም፣ ቅጠል አይንቀሳቀስም። አዮ፣ እናታችን፣ የዚያው የወለጋ ሰው ናት፤ በአማርኛ የምታወራው ከአባባ ጋር ብቻ ነው። ቃሬዛው አጠገብ ተንበርክካ የእትዬን ግንባር እየዳበሰች አንድ ቃል ብቻ ትደጋግማለች።

«ሂንካኢን፣ ኢንታላኮ። ሂንካኢን።»

አትነሺ ልጄ፣ አትነሺ ማለቷ ነው።

አባባ በሌላ በኩል ቆሟል። ካባውን ደርቦ፣ ለበዓል እንደሚሄድ ሰው ጸድቶ ነው የመጣው። ልጁ ከመጋረጃው ወዲያ ልትቀመጥ መሆኑ፣ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል እንኳ፣ ደስ ብሎታል። አይቼዋለሁ። ጎንበስ ብሎ «ከታላላቅ ሰዎች ጋር ነው የምትቀመጪው» አላት። «እንዳሳደግኩሽ ሁኚ። አደራ።»

«እሺ አባባ» አለች።

በስመ አብ! አሁን ይህ አደራ የሚባልበት ሰዓት ነው? ብዬ በሆዴ ተናደድኩ። ግን ሁሌም እንደዚያው ነበር፤ ቁምነገር ብሎ የያዘውን ይዟል ብዬ ተውኩት።

አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲቆም ጭራው ዝቅ፣ አፍንጫው ቀና ያለ ነው። በሩ ከኋላ ስለሆነ፣ ቃሬዛውን የያዙት ሰዎች በጆንያዎቹ መሃል ዳገት እንደሚወጡ እያለከለኩ ወሰዷት። መጋረጃውን ገልጠን ገባን። ሁለት ሽማግሌዎች ቀድመው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ጋዜጣ ያነባል። እትዬን ወንበሩ ላይ አጋድመን ኩታዋን አለበስናት። አስተናጋጇ ቀጭን ልጅ ናት፤ ትራስ አመጣችላት፣ ብርቱካን ጭማቂ በብርጭቆ አመጣችላት። እትዬ በእጇ የወንበሩን ክንድ ዳሰሰችና «እንዲህ ያለ ነገር ላይ ተቀምጬ አላውቅም» አለችኝ፤ ፈገግ አለች። ፊቷ ቀለም አልነበረውም።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሞተሩ አይነሳም። ሙቀቱ ጨመረ። ከውጭ ነጎድጓድ ተሰማ። አስተናጋጇን «ምን እየጠበቅን ነው?» ብላት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ፊታውራሪው አልደረሱም አለችኝ። ስማቸውን ስትጠራ እትዬ ዓይኗን ገለጠች። የአባባ የበላይ ናቸው፤ እሱ ለዓመታት ፍርድ የጻፈው በሳቸው ችሎት ነው። ለበዓል በግ ይልኩልን ነበር።

ከኋላ ግርግር ሆነ። ጆንያ ላይ የተደገፈው ሁሉ ሲነሳ ይሰማል። «ኖር! ኖር!» የሚለው ድምፅ በዳገቱ ወደኛ እየቀረበ መጣ። መጋረጃው ተገለጠ። ፊታውራሪው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጋቢ ለብሰው ገቡ። ሽማግሌዎቹ ብድግ አሉ።

እኔ ወደሳቸው አልነበረም የዞርኩት። ወደ እትዬ ነው። ትከሻዋን ለመያዝ እጄን ስሰድ፣ ትከሻዋ ከነበረበት ቦታ የለም። ተነስታ ቆማለች። ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በሌላው የፊቱን ወንበር ይዛ፣ አንገቷን ሰብራ «ኖር» ብላለች።

«በእግዚአብሔር፣ በእግዚአብሔር፤ ተቀመጡ» አሉ ፊታውራሪው። ግን እሳቸው አልተቀመጡም። እሳቸው እስኪቀመጡ ደግሞ የሚቀመጥ የለም፤ ይህን እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ጨበጡ። እንዴት ሰነበታችሁ፣ ቤት ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ዝናቡ እንዴት ነው በናንተ አገር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደገና ከአዲስ። ከዚያ ዓይናቸው እትዬ ላይ አረፈ።

«አንቺ የጸሐፊያችን ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ ጌታዬ።»

«አባትሽ ደህና ናቸው?»

«ታማለች ጌታዬ! ሐኪም እንዳትቆም ብሏል!» አልኩ፤ ጮኼ ነው ያልኩት።

እትዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። በሕይወቷ ሰው ቆንጥጣ አታውቅም። «አታሳፍሪኝ» አለች በጥርሷ መሃል። ከዚያ ቀና ብላ «ትንሽ ነው ጌታዬ። ደህና ነኝ» አለች።

ምን ትበል? ወንዶች በቆሙበት፣ በአባቷ አለቃ ፊት፣ የእንግዴ ልጄ ከታች ተቀምጧል ትበል? ፊታውራሪው «አይዞሽ፣ አይዞሽ፤ ተቀመጪ ልጄ» አሉና ወንበራቸውን ፍለጋ ዞር አሉ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ባርኔጣቸውን የት እንደሚያኖሩ አጡ፤ አስተናጋጇ ተቀበለቻቸው። ተቀመጡ። ያኔ እትዬም ተቀመጠች።

ሞተሩ ተነሳ። አውሮፕላኑ ሜዳው ላይ እየዘለለ ሮጠ፣ ጭራው ቀና አለ፣ ተነሳን። በመስኮቱ አዮ ስታንስ አየኋት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ደመና ውስጥ ስንገባ መስኮቱ ግራጫ ሆነና የሚታይ ጠፋ። አስተናጋጇ በብር ሳህን ብስኩት አዞረች። ፊታውራሪው ዳዊታቸውን አወጡ። ሁሉም ነገር ጸጥ ያለ፣ የተከበረ፣ ንጹሕ ነበር። እኔ ዓይኔን ከእትዬ ፊት ላይ አላነሳሁም፤ ከንፈሯ ነጣ፣ ግንባሯ ላብ አወጣ።

«እትዬ፣ ምን ይሰማሻል?»

«ይሞቀኛል» አለች። ጥቂት ቆይታ «ከሥሬ ይሞቀኛል» አለች።

ኩታዋን ገለጥኩት። ነጩ የወንበር ልብስ ነጭ አልነበረም።

«አትጩሂ» አለችኝ። «በእናትሽ አትጩሂ። ሰው አለ።»

ጮህኩ። እንደ እብድ ነው የጮህኩት። ፊታውራሪው ዘወር ብለው አዩ፤ ዳዊቱ ከእጃቸው ወደቀ። እንዴት እንደተነሱ አላውቅም፤ ጋቢያቸውን ገፈው አጣጥፈው ከሥሯ እንዳደርገው ሰጡኝ። አብራሪው በሬዲዮ ተናግሮ መኪና ማረፊያው ድረስ እንዲመጣ አስደረጉ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን «ውጡ፤ ለሴቶቹ ተዉላቸው» አሉና እሳቸውም አብረው ወጡ። አስተናጋጇ መጋረጃውን ዘጋች። የቀረውን መንገድ አንደኛ ማዕረግ በሙሉ የኛ ሆነ። ፊታውራሪው ከኋላ፣ የቡና ጆንያ ላይ ተቀምጠው በግዕዝ ሲጸልዩ በመጋረጃው እሰማቸው ነበር።

እትዬ እጄን ይዛለች። «ለአባባ ወደቀች እንዳትዪው» አለችኝ። «ቆማ ነበር በዪው።»

መኪናው ማረፊያው ላይ ቆሞ ጠበቀን። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሲያወርዷት እጇ ከእጄ ውስጥ ቀዝቅዞ ነበር። ልጁንም አላተረፉትም። ባሏ በማግስቱ አቧራ ለብሶ ደረሰ፤ አኖ አካባቢ ጎማ ፈንድቶበት ነው የቆየው። ፊቴን አየና ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ስንመለስ ከኋላ ነው የጫኗት። ያቺው ቀጭን አስተናጋጅ መጥታ «ከፊት ባዶ ቦታ አለ፣ ነይ» አለችኝ። አልሄድኩም። ሳጥኑ አጠገብ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ለአባባ መልእክቷን ነገርኩት፤ ቃል በቃል። ቆማ ነበር አልኩት። ወደ ጓዳ ገባና ሲወጣ ያ ካባ ከላዩ ላይ አልነበረም።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ፊታውራሪው መጡ። ድንኳኑ ሰው ሞልቶት ነበር፤ የኛም የባሏም ወገን፣ የቤተ ክርስቲያኑም የጸሎት ቤቱም ሰው። ከዘራቸው የደጁን ድንጋይ ሲነካ ሰማሁ። ድንኳኑ በሙሉ እንደ አንድ ሰው ተነሳ። «ኖር! ኖር!» እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነቃነቅኩም። ቢገድሉኝም አልነሳም ብያለሁ። አዮ እንኳ ተነስታለች። ቁጣውን ልቀበል ተዘጋጅቼ ወደ አባባ ዞርኩ።

አባባ ተቀምጧል።

ፊታውራሪው ፊቱ ቆሙ። እንደ ልማዳቸው «በእግዚአብሔር» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ለማን እንደሚሉት ጠፋቸው። አባባ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፣ ችሎት ላይ ፍርድ በሚያነብበት በዚያ በረጋ ድምፁ ተናገረ።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በኔ ፋንታ ልጄ ተነስታልዎታለች።»

ፊታውራሪው ወንበር ቀረበላቸው። አልፈለጉትም። ጉዝጓዙ ላይ፣ ከአባባ ጎን ተቀመጡ፤ ሰዉም ያኔ ተቀመጠ።