ፕላናሩ፣ ዳይናሚኩና የጎረቤቴ ጆሮ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ያለችኝ ሱቅ ለሁለት የተከፈለች ናት። በግራ በኩል እኔ ስልክ፣ ሬዲዮና ድምፅ ማጉያ እጠግናለሁ፤ በቀኝ በኩል አንድ የአገሬ ሰው ፀጉር ይቆርጣል። መሃላችን ያለው ጣውላ ከወገብ ስለማያልፍ እሱ ለደንበኛው የሚያወራውን እኔ እሰማለሁ፤ እኔ ያልበራልኝን ስልክ ስረግም እሱ ይሰማል። አራት ዓመት እንዲህ ኖረናል። ያልተከራከርንበት ነገር የለም፤ በጆሮ ማዳመጫ የተከራከርነውን ያህል ግን በምንም ተከራክረን አናውቅም።

ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ጦርነቱን ሸሽቶ ከካርቱም የመጣ አንድ የስቱዲዮ ባለሙያ የሶላር ባትሪውን አበጀሁለትና በለውጡ አንድ ትልቅ ማዳመጫ ሰጠኝ። ስቀበለው እጄ ወደ ታች ወረደ፤ ያን ያህል ከባድ ነው። «ይህ ፕላናር ነው፤ እንደ ሌላው እንዳይመስልህ» አለኝ በዐረብኛ። ልጁን የሚድር አባት ይመስል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ሲያለቅስ ማየት አልችልም፤ ቶሎ ሸኘሁትና እሱ ከመንገዱ ሳይታጠፍ ማዳመጫውን ፈታሁት።

ሃያ ዓመት ሙሉ ማዳመጫ ስጠግን እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ተራው፣ ዳይናሚክ የሚባለው፣ ውስጡ ትንሽ ሾጣጣ ሽፋን አለው። መሃሉ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ ተለጥፎበታል፤ ከኋላው ማግኔት አለ። ዘፈኑ በሽቦው ሲያልፍ ማግኔቱ ይገፋዋል፣ ይስበዋል፤ መሃሉ ይሄዳል፣ ዳሩ ይከተላል። ይህኛው ግን ሾጣጣ የሚባል ነገር የለውም። ከፌስታል የሳሳ ጠፍጣፋ ሽፋን ነው፤ ሽቦው ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰ ላዩ ላይ ታትሞበታል፤ ማግኔቶቹ ፊትና ኋላ ተደርድረዋል። ስለዚህ ሽፋኑ ሁለመናው በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ምንጣፍን አንድ ሰው መሃሉን ይዞ ሲያራግፈውና አራት ሰው ዳር ዳሩን ይዞ ሲያራግፈው ማለት ነው።

ይህንኑ ለጎረቤቴ በደስታ አስረዳሁት። ቶንዶሱን እንኳ አላጠፋም።

«ደረት ይመታል?» አለኝ።

«ደረት አይመታም። ያጠራል።»

«ደረት ካልመታ ምኑን ሙዚቃ ሆነ? ላጥራ ካልኩማ ውኃ አጠራለሁ!»

የእሱ ማዳመጫ ዳይናሚክ ነው፤ ያውም ባስ ብቻ የሚያውቅ ዓይነት። ጆሮውን ድፍን አድርጎ ይይዛል፣ ቀላል ነው፣ ስልክ ላይ ከሰካኸው ይበቃዋል። አንዴ የፀጉር መታጠቢያው ባልዲ ውስጥ ወድቆ ፀሐይ ላይ አስጥቶት እንደገና ዘፈነለት። የእኔው ጌታ ግን ስልክ ብቻውን አያንቀሳቅሰውም፤ አምፕሊፋየር ይፈልጋል፤ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ከህረባ፣ መብራት ማለት ነው፣ ይፈልጋል፤ ከህረባ ደግሞ በገዳሪፍ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ጀርባው ክፍት ስለሆነ የምሰማውን ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል። ግማሽ ሰዓት ካደረግሁት አንገቴ ይዝላል። በዚያ ላይ የተቆረጠ ፀጉር በነፋስ እየመጣ በቀዳዳዎቹ ስለሚገባ በየሳምንቱ በብሩሽ እጠርገዋለሁ። ይህን ሁሉ ለእሱ ነግሬው አላውቅም፤ እንዳያሸንፈኝ።

አንድ ቀን ግን እንፈትናቸው ተባባልን። ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ሰርግ ላይ ድምፅ ማጉያ ልሠራ ሄጄ በስልኬ የቀዳሁት ጭፈራ ነበረኝ። በእሱ ማዳመጫ ስሰማው ከበሮው ጉሮሮዬ ድረስ ገባ፤ እውነቱን ለመናገር ትከሻዬ ሳላዘው ተነሣ። በእኔው ሲሰማ ደግሞ ጭብጨባው ለየብቻው ወጣ፤ እልል የምትለው ሴት ከመጀመሯ በፊት አየር ስትስብ ሳይቀር ይሰማል። በትግርኛ «ውኃ አቀብሉኝ» የሚል ሽማግሌ ከኋላ አለ። ጎረቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ፣ ሰማ፣ ከዚያ አውልቆ መለሰልኝ።

«ሰርግ ሄጄ የሽማግሌ ውኃ ጥም ልስማ? ከበሮውን መልስልኝ!» አለ። እኔም በጣም ተናደድኩ። ሦስት ቀን አላናገርኩትም።

ክርክራችን የቀዘቀዘው ከፋሲካ በኋላ ነው። ለፋሲካ ከመተማ ወዲያ ገጠር ላለች እናቱ እመጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፤ መንገዱ ተዘጋና ቀረ። ከዚያ ወዲህ እናቱ ስልክ ላይ አልመጣችም። እዚያ መስመሩ ስለማይረባ የሚገናኙት በድምፅ መልእክት ነው፤ ድሮ እናትየዋ ራሷ ታወራለች፣ እኔንም «ያ ሬዲዮ ሠሪው ልጅ ደህና ነው?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር። አሁን የምታወራው ታናሽ እኅቱ ብቻ ሆነች። እማየስ ሲላት ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። በሳምንቱ እማየስ ሲላት ተኝታለች። እማየስ? ሰርግ ቤት ናት። ፎቶዋን ላኪልኝ አላት፤ የዛሬ ስድስት ዓመት የተነሣችውን ላከችለት።

የእኛን አገር ሰው ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው ሲሞት በስደት ላለ ልጁ በስልክ አይነገርም። እዚያው አጠገቡ ላለ የአገሩ ሰው ይነገርና፣ እሱ ሽማግሌዎች ሰብስቦ ማለዳ በር ያንኳኳል። መርዶ እንዲህ ነው። እስከዚያው ሁሉም ደህና ነው፣ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ነው። ጎረቤቴ ይህን ስለሚያውቅ «እናቴ ሞታለች» ብሎ ደመደመ፤ አጠገቡ ያለሁት የአገሩ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ።

ወይ ፈተና! ከዚያ በኋላ የማደርገው ሁሉ መርዶ ሆነበት። ፉል ጋበዝኩት፤ «ምነው ዛሬ ደግ ሆንክ?» ብሎ ሳይቀምሰው ተነሣ። ከሾዋክ የመጣ ዘመድ ሊጠይቀኝ ሱቅ ቢገባ ፊቱ አመድ መሰለ። አንድ ማለዳ የቮልት መለኪያዬን እሱ ቤት ረስቼው ኖሮ ልወስድ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ገና በሩን ከፍቶ ሲያየኝ «እማየን!» ብሎ መሬት ላይ ተዘረጋ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ቮልት መለኪያ ነው የፈለግሁት እያልኩ ብምል ብገዘት ማን ይስማኝ? አንዲት የትግራይ እናት አብረውት ማልቀስ ጀምረው ነበር፤ እሳቸውን ዝም ለማሰኘት ብቻ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ይኼ ያስቃል፤ ያን ጊዜ ግን አላሳቀኝም። ሰውዬው መብላት ቀነሰ። እኔም በልቤ ሞታለች ብዬ አምኜ ነበር፤ ነገር ግን ማንም አልነገረኝምና ምን ልበለው? እሱም ስለ እናቱ እኅቱን መጠየቅ ተወ። መልሱን ፈርቶ ነው።

አንድ ሐሙስ ጎረቤቴ የአንድ ሱዳናዊ የሰሊጥ ነጋዴ ጢም አረፋ ቀብቶ፣ ግማሹን ላጭቶ፣ ምላጩን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

«ነገ ገላባት ድንበር ላይ ነኝ» አለኝ። «እሻገራለሁ። ቢያንስ መቃብሯ ላይ ልቁም።»

ከመተማ ወዲያ ያለው መንገድ በዚያ ሰሞን ሰው የሚታገትበት፣ ተኩስ የሚሰማበት ነበር። የሄደ ሁሉ አይደርስም።

«ማን ነገረህ ሞታለች ብሎ?»

«ትናንት የላከችው መልእክት ነገረኝ። እየተናገረች ዝም ትላለች። አንድ ነገር ትጠይቀኝና ጸጥ። ሲቃ እየያዛት ነው። እኔ እኅቴን አላውቃትም?»

«ስልክህን አምጣ!» አልኩት። ጮኽኩበት፤ ፈርቼ ነው የጮኽኩት።

መጀመሪያ በእሱ ማዳመጫ ሰማሁት። ቤታቸው አጠገብ የእህል ወፍጮ አለ፤ ሞተሩ ድም ድም ድም ይላል። ማዳመጫው ያንኑ አጉልቶ ጆሮዬን ሞላው። የእኅትየዋ ድምፅ ከላይ አለ፤ በየመሃሉ በእርግጥም ዝም ትላለች። ሌላ የሚሰማ የለም። እኔም ሲቃ ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያ ስልኩን አምፕሊፋየሩ ላይ ሰካሁ፤ እግዜር ይስጠው ከህረባ ነበረ። ከባዱን አጠለቅሁ። የታችኛውን ድምፅ፣ ባሱን፣ በቁልፉ ቀነስኩ፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ሸሸ። እኅትየዋ «ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ሰነበትክ?» አለች። ዝም። በዝምታው ውስጥ ግን አንድ ነገር አለ፤ ነፋስ ነው ብዬ ነበር። መለስኩት። ነፋስ አይደለም፤ የሰው ሹክሹክታ ነው።

«እግሩን በይው።»

«እግርህን አሁንም ያምሃል?» አለች እኅትየዋ።

«ሳሉንስ?»

«ያስልህ የነበረውስ ተሻለህ?»

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ለአራት ዓመት «ያ ሬዲዮ ሠሪው ልጅ ደህና ነው?» እያለ ሲጠይቀኝ የኖረ ድምፅ ነው። ቀጥሎ እንዲያውም ከሹክሹክታ ከፍ ብሎ፣ በቁጣ፣ «የለችም በይው! ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች በይው!» አለ። እኅትየዋም ታዛዥ ናትና «እማየ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» አለች።

ከት ብዬ ሳቅሁ። ሰው መርዶ ሲጠብቅ አጠገቡ እንዲህ መሳቅ ነውር ነው፣ አውቃለሁ፤ አልቻልኩም። ጎረቤቴ ምላጩን ይዞ ሊመታኝ መጣ። ማዳመጫውን ጭንቅላቱ ላይ ጫንኩበትና ከመጀመሪያው ከፈትኩለት።

ጀርባው ክፍት ስለሆነ እኔም ቆሜ እሰማለሁ። «እግሩን በይው» የሚለው ሲመጣ ማዳመጫውን በእጁ ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘው። «የለችም በይው» የሚለው ሲመጣ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ።

«አኩርፋለች!» አለ። «አኩርፋ ነው እኮ! ተመስገን! በፋሲካ ስለቀረሁ አኩርፋለች!»

ነጋዴው ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ፣ አማርኛ የማይሰማ ሰው፣ ከወንበሩ ተነሥቶ በዐረብኛ ማን ሞተ ብሎ ጠየቀኝ። ማንም አልሞተም፣ እናቱ አኩርፋው ነው አልኩት። «አልሐምዱሊላህ» አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

ለእውነት ስል አንድ ነገር ልናገር። በኋላ ያንኑ መልእክት በእሱ ማዳመጫ ደግሜ ሰማሁት፤ የት እንዳለ ካወቅሁ በኋላ ሹክሹክታው እዚያም አለ፤ ከወፍጮው ሥር ተቀብሮ። ግማሹን ሥራ የሠራው ደግሞ የአምፕሊፋየሩ ቁልፍ ነው። ይህንንም ለእሱ አልነገርኩትም።

መልእክቱ ግን አላለቀም ነበር። እኅትየዋ ደህና ሁን ካለች በኋላ ጣቷን ሳታነሣ ቀርታ ጥቂት ሰከንድ ይተርፋል። ጎረቤቴ እየሳቀ ሊያወልቀው ሲል እዚያ ላይ ቆመ። እኔም ሰማሁት። አሁን ቁጣ የለበትም፤ አሮጊት ድምፅ ነው።

«እኔንስ አልጠየቀኝም?»

«አልጠየቀሽም፣ እማየ።»

«ስንት ሳምንቱ ነው?»

እዚያ ላይ ይቆረጣል።

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ እንባው መጣ። ስልኩን ነቅሎ፣ መቅጃውን ተጭኖ፣ አፉ ጋ ያዘው። ሰከንዱ ይቆጥራል። ነጋዴው «ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ተናገር እንጂ!» ብሎ በዐረብኛ ጮኸበት። ያን ጊዜ «እማየ፣ ሞተሽ መስሎኝ ነው ያልጠየቅሁሽ» አለ፤ ከዚያ በላይ አልሄደለትም፤ ላከው።

የነጋዴውን ጢም ላጭቶ ሳይጨርስ መልሱ መጣ። ፕላናሩን አነሣሁለት፤ በእጁ ገፋው። የራሱንም አልፈለገም። የስልኩን ድምፅ እስከ ጥግ ከፍቶ ገበያው መሃል ለቀቀው። እኅትየዋ አይደለችም።

«ሞተች ብለህ ነው? አለሁ። አኩርፌሃለሁ፣ እስክትመጣም አላናግርህም» አለች እናቱ፤ ከዚያም አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ አወራች።