እትዬ ንብ ክንዷን የዘረጋች ዕለት

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ደም መቅጃ ክፍል ውስጥ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መርፌ ስትይዝ የኖረች አንዲት ሴት አለች። የመዝገብ ስሟን የሚያውቀው ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው፤ ለሌላው ሰው ሁሉ እትዬ ንብ ናት። ስሙን ያመጣባት የገዛ አፏ ነው። የታካሚውን ክንድ በላስቲክ ታስርና፣ ደም ሥሩን በጣቷ መታ መታ አድርጋ፣ "ንብ አታህልም፤ ጥዝ ብላ ትሄዳለች" ትላለች። ታካሚው የቷ ንብ ብሎ ሳይጠይቅ ደሙ ብልቃጥ ውስጥ ገብቷል። የሚያለቅስ ሕፃን፣ ደም ሥራቸው የጠፋ አዛውንት፣ መርፌ ገና ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞረው ጎረምሳ፣ ሁሉም ተራቸውን እየለቀቁ እሷን ይጠብቃሉ።

ይህች ሴት ግን መርፌ ትፈራ ነበር። በሰው ክንድ ላይ ሲሆን አይደለም፤ በራሷ ላይ ሲሆን ነው። በየዓመቱ የሠራተኞች የጤና ምርመራ በደረሰ ቁጥር አንዲት አክስት ትሞትባታለች። አለቃዋ፣ ዱሮ እትዬ ንብ ራሷ እጇን ይዛ መርፌ አያያዝ ያስተማረቻት ልጅ፣ ባለፈው ዓመት ፋይሉን ገልጣ፣ "እትዬ፣ እኚህ እኮ አሥራ አንደኛዋ አክስትሽ ናቸው። አያትሽ ስንት ቢወልዱ ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

"መንታ መንታ ነበር የሚወልዱት" ብላ አመለጠች።

ለመጨረሻ ጊዜ ደሟ የተቀዳው ሴት ልጇን ልትወልድ ምጥ ላይ ሳለች ነው። ምጡን በዝምታ ችላ፣ ለመርፌዋ የባሏን ትከሻ ነክሳለች። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። እስከ ዛሬ ደንበኛ ሲመጣ ሸሚዙን ዝቅ አድርጎ፣ "አየህ፣ ሰባት ጥርስ ነው። ቁልፍ ቢተከልበት ያምር ነበር" ይላል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ያቺው ልጇ በዚህ ዓመት ወንድ ልጅ ወለደች። ሕፃኑ ቸኩሎ በሰባት ወሩ መጣና ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሙቀት ክፍል ውስጥ፣ በመስታወት ሣጥን ተኛ። በዚያው ሰሞን ከተማው ውስጥ ኩፍኝ ገባ። የክፍሉ ኃላፊ ነርስ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈች፦ የኩፍኝ ክትባት ካርድ ወይም የላቦራቶሪ ማስረጃ የሌለው ሰው፣ አያትም ቢሆን፣ አይገባም።

"እኔ እኮ በልጅነቴ ኩፍኝ ወጥቶልኛል። እናቴ ነግራኛለች" አለች እትዬ ንብ በሩ ላይ።

"ኩፍኝ ይሁን ጉድፍ በምን ለዩት?"

"ቀይ ነበር ብላኛለች።"

"የትንኝ ንክሻም ቀይ ነው፣ እትዬ። ደምሽን አስመርምሪና ነይ። ማስረጃው ካለ ዛሬውኑ ትገቢያለሽ። ከሌለ ክትባቱን ትወጊና ሳምንታት ትጠብቂያለሽ።"

"እንዴ፣ ሌላ መርፌ?"

"ሌላ መርፌ።"

ይህም ባልከፋ። የከፋው የልጇ አማት ነገር ነው። የልጇ አማት ጡረታ የወጣች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ በሕይወቷ አንዲት ወረቀት ጥላ አታውቅም። ወረቀቱ በተለጠፈ በሰዓቱ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በላስቲክ ሸፍና ያስቀመጠችውን የክትባት ካርድ ይዛ መጣች፤ ኃላፊዋ ነርስ ካርዱን በሁለት እጇ ነው የተቀበለችው። ሁለቱ አያቶች ልጆቻቸው ከተጋቡ ጀምሮ እርስ በርስ "እርስዎ" ይባባላሉ። አክብሮቱ በጨርቅ የተጠቀለለ ቢላዋ ዓይነት ነበር።

አማቲቱ በየቀኑ ሕፃኑን አይታ ስትወርድ ምድር ቤት ጎራ ትላለች።

"ዛሬ አዛጋልኝ። እርስዎ ግን መቼ ነው የሚያዩት?"

"እንግዲህ ሥራ በዝቶብኝ።"

"አፍንጫው የእኛ ነው። ግንባሩም የእኛ። አገጩን የሟች አባቴን ብልዎት ማጋነን አይደለም።"

"ጆሮውስ?" አለች እትዬ ንብ ሳታስበው። የእሷ ቤተሰብ ጆሮ ጫፉ ላይ ትንሽ እጥፋት አለችው፤ አንሶላ ሲነጠፍ ጥግ ላይ እንደምትታጠፈው።

"ጆሮውን ኮፍያ ሸፍኖታል" አለች አማቲቱና ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ልጇ ደወለች። "እማ፣ ከሣጥኑ አውጥተሽ ታቀፊው ብለውኛል። የምሰብረው እየመሰለኝ መለስኩት። አንቺ መጥተሽ ብታሳዪኝስ?"

እትዬ ንብ ስልኩን ዘጋች። ጓንቷን አወለቀች። ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ወዳስቀመጠችበት ወንበር ሄዳ ቁጭ አለችና ዓይኗን ጨፍና ክንዷን ዘረጋች።

ወሬው ከመብራት ይፈጥናል። አለቃዋ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። ባሏ የሜትር ገመዱን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ደረሰ፤ ትከሻው ላይ የተጣጠፈ ፎጣ አኑሯል፣ ለጥንቃቄ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች በሩን ሞሉት። የሆስፒታሉ ዘበኛም ዋናውን በር ጥሎ መጣ።

"ኩፍኝ የለባት! ምኗ ነው የሚመረመረው?" አለ ዘበኛው።

አለቃዋ ላስቲኩን እያሰረች፣ ከእትዬ ንብ የተማረችውን ቃል በቃል መለሰችለት። "በደም ውስጥ ሁለት ዓይነት ጠባቂ አለ። አንደኛው ኩፍኝ ገና ሲገባ 'ሌባ! ሌባ!' ብሎ የሚጮኸው ነው። እሱ ከተገኘ ሰውየው አሁን ታሟል ማለት ነው። ሁለተኛው ሌባውን ዱሮ አይቶ፣ ወይ በክትባት ሥዕሉን አይቶ፣ መልኩን ያልረሳው ነው። እሱ ካለ ኩፍኝ በሩን አያልፍም። ዛሬ የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው።"

"ልምድ ያለውን በይኛ። እንደ እኔ" አለ ዘበኛው።

"አንተማ ያለፈውን ሌባ ዕቃውን አሸክመህ ነው የሸኘኸው!" አለ አንዱ ከተራው ውስጥ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እትዬ ንብም ሳቀች፤ የሳቀችው ግን ክንዷን ነጥቃ ጉያዋ ውስጥ ከሸሸገች በኋላ ነው።

"እትዬ፣ ክንድሽን።"

"ቆይ፣ ውኃ ልጠጣ።"

"ጠጥተሻል።"

"አክስቴ ታመዋል።"

"አሥራ ሁለተኛዋ? አትፍሪ፣ ንብ አታህልም፤ ጥዝ ብላ—"

"ውሸት ነው!" ብላ ጮኸች እትዬ ንብ። "ሃያ ስድስት ዓመት ዋሽቻለሁ! ያማል! ሰዎች፣ ይቅር በሉኝ!"

"እናውቃለን እኮ!" አሉ አንዲት አሮጊት ከበሩ። "ለእጅሽ ብለን ነው ዝም ያልነው!"

በዚህ መሐል ሰዉን በክርኗ እየገፋች አማቲቱ ገባች። ከፎቅ መውረዷ ነው፤ የጎብኚ ካባውን እንኳ አላወለቀችም። የእትዬ ንብን ባዶ እጅ አየች፣ ፊቷን አየች። ከዚያ ባልየውን ገፋ አድርጋ እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

"እይኝ" አለቻት። "እኔን እይኝ እንጂ መርፌውን አትይ። ዛሬ ሲያጥቡት ኮፍያውን አወለቁለት።"

እትዬ ንብ ቀና አለች። "እና?"

"እናማ፣ ጆሮው..." አማቲቱ ፊቷን አጨማደደች። ትልቅ መርፌ እሷም እየተወጋች ይመስል ነበር። "ጆሮው ያንቺ ነው። እጥፋቷ ጭምር። ሁለቱም።"

"በለው!" ብላ እትዬ ንብ እልል አለች፤ ቤቱ ተከተላት። እልልታው ጋብ ሲል አለቃዋ ጥጡን ክንዷ ላይ ጫን አድርጋ ይዛለች፤ ብልቃጧም ሞልታለች። መቼ እንደተወጋች አላወቀችም። ባሏ ፎጣውን ከትከሻው አነሳ፤ ትንሽ ቅር ያለውም መሰለ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ መጣ። በላቦራቶሪው ደንብ ማንም የራሱን ናሙና አይነካም። ብልቃጧ ቁጥር ተለጥፎባት፣ በቀን ሦስት ቃል ወደማይናገረው ባልደረባቸው ወደ "ዝምተኛው" ሄደች። እትዬ ንብም የታካሚዎቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አግዳሚው አንድ እግሩ አጭር እንደሆነ ያን ዕለት ነው ያወቀችው።

በመስታወቱ በር ውስጡ ይታያል። ዝምተኛው ከየደሙ የተጣራውን ቢጫማ ውኃ ዘጠና ስድስት ትናንሽ ጉድጓዶች ወዳሏት ዝርግ ፕላስቲክ ጠብታ ጠብታ ከፋፈለ። አቆየ፤ አጠበ። ሌላ ጨመረ፤ ደግሞ አጠበ። ሥራውን ታውቀዋለች፦ የዱሮው ጠባቂ ያለበት ጉድጓድ በመጨረሻው መድኃኒት ሰማያዊ ይሆናል፤ ማቆሚያዋ ጠብታ ስትገባ ደግሞ ወደ ቢጫ ይዞራል። የሌለበት እንደ ውኃ ጥርት ብሎ ይቀራል።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ጉድጓዶቹ ሰማያዊ ሆኑ፣ ከዚያም ቢጫ። የአደይ ሜዳ መሰሉ። አንዲት ብቻ፣ በመጀመሪያው ረድፍ፣ ጥርት ብላ ባዶ ቀረች።

"ያቺ የኔ ናት!" እትዬ ንብ ከአግዳሚው ተነሳች። "በቃ፣ የኔ ናት! እናቴ ጉድፉን ነው ኩፍኝ ያለችኝ! ሌላ መርፌ ነው! ልጄን ማን ያሳያታል?" በሩን በሁለት እጇ ትደበድብ ጀመር።

ዝምተኛው በሩን ከፈተ። ዓመታት ያጠራቀመውን ንግግር በአንድ ጊዜ አወጣው። "እትዬ ንብ፣ ያቺ የማንም አይደለችም። ማወዳደሪያዋ ናት። ምንም እንደሌለባት አውቀን ነው ያስቀመጥናት፤ ባዶ ሆና ካልተገኘች የሌላው ሁሉ ውጤት አይታመንም። ሃያ ስድስት ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርተሽ እንዴት ረሳሽው?" ከዚያ ማሽኑ ያነበበውን ወረቀት ሰጣትና በሩን ዘጋ። ከኩፍኝ የሚከላከለው ፀረ-አካል፦ አለ። ቁጥሩም ትልቅ ነበር።

"እናቴን ማሪኝ በሉልኝ!" እያለች ሦስት ፎቅ በእግሯ ወጣች፤ ሊፍቱ የሚሠራ መሆኑ ትዝ ያላት ስትደርስ ነው። አማቲቱ ከኋላዋ ታለከልካለች።

"ቀስ በይ እንጂ፣ እቴ! ከእንግዲህ የትም አይሄድ!"

ኃላፊዋ ነርስ ወረቀቱን አነበበችና በሩን ከፈተች። ልጇ ከሣጥኑ አጠገብ ተቀምጣለች። እትዬ ንብ እጇን ታጠበች፣ ሕፃኑን እንደ ብልቃጥ ሳይሆን እንደ ዳቦ ሊጥ ሰብሰብ አድርጋ አነሳችው፤ "አየሽ፣ በመዳፍሽ ሙሉ፤ እሱም አይሰበርም" አለችና ልጇ ደረት ላይ አስቀመጠችው። ልጇም መዳፏን ዘርግታ ጀርባውን ደገፈችው። እትዬ ንብ ኮፍያውን ትንሽ ገለጥ አደረገች። እጥፋቷ እዚያው ነበረች።

ነርሷ በትሪ ጥጥና ትንሽ መውጊያ ይዛ መጣች። "አሁን ደግሞ ከተረከዙ አንዲት ጠብታ እንፈልጋለን። እትዬ፣ ያቺን ያንቺን ነገር በይለት።"

እትዬ ንብ ጎንበስ ብላ አፏን ወደ ታጠፈው ጆሮ አስጠጋች። "ያማል፣ የኔ ጌታ" አለችው። "ትንሽ ያማል። አልቅስበት።"

አለቀሰ። ከዚያች ትንሽ ደረት ይወጣል የማይባል ድምፅ ነበር፤ ሣጥኖቹን ሁሉ ቀሰቀሰ።

"ድምፁማ የእኛ ነው" አለች አማቲቱ።

"ኧረ ወግጂ!" አለች እትዬ ንብ።