ቫዮሊኖቹ የጠሩት ለቅሶ

እናቴን ማስታመም ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ጠዋት ከጎባ ወደ ሮቤ ቢሮ፣ ማታ ከሮቤ ወደ እናቴ አልጋ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከግቢው ንቅንቅ የለም። ቀን ቀን ባለሱቋ ጎረቤታችን ብቅ እያሉ ያዩልኛል። እህቴ ደሎ መና አግብታ ቡና ትነግዳለች፤ በስልክ «በሚቀጥለው ወር መጥቼ አሳርፍሻለሁ» ትለኛለች። የእሷ የሚቀጥለው ወር ግን አንድም ቀን ጎባ ደርሶ አያውቅም።

በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ዝውውር ተፈቀደልኝ። እስከ አርብ መልስ ካልሰጠሁ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል ተባልኩ። ለእናቴ ትንፍሽ አላልኩም። ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ከሮቤ ጎባ፣ ከጎባ ሮቤ እመላለሳለሁ። መንገዱ ራሱ ያፍነኝ ጀመር።

ቢሯችን ይመላለሱ የነበሩ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሥራ ለቀው ሲሄዱ ፍላሽ ሰጥተውኝ ነበር። ውስጡ ሙዚቃ ነው፤ ትንሽ ኦርኬስትራ ከኋላ ሆኖ ከፊት ሁለት ሁለት ሰዎች የሚጫወቱት። ስልኬ ላይ ገልብጬ በጆሮ ማዳመጫ እሰማዋለሁ። ከሁሉ የምወደው ሁለት ቫዮሊኖች በቀስታ የሚጫወቱትን ነው። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል። እኔን የሚቀበለኝ ስለሌለ በቅናት ነበር የምሰማው።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ማዳመጫው ተበላሸ። እናቴን እንቅልፍ ወስዷታል ብዬ ትንሽ ስፒከር መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ሙዚቃውን ለቀቅኩትና ጓሮ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ! በእኛ አገር ዘፈን የሌለበት ቫዮሊን በቴሌቪዥን ከተለቀቀ ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሰፈሩ ደግሞ የእናቴን ነገር ጆሮውን አቁሞ የሚጠብቅ ነው።

ባለሱቋ «ኢና ሊላሂ» እያሉ ቤቱን ዞረው ጓሮ መጡ። ከኋላቸው ሁለት የእድር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያለቅሳሉ። ባለሱቋ አንገቴን አቅፈው፦

«አይዞሽ ልጄ፣ አረፉ። አንቺም እረፊ» አሉኝ።

እኔ ጓሮ ሳለሁ ገብተው አይተዋት የመጡ መሰለኝ። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ አይደለም። የአርቡ መልስ ነው። እሄዳለሁ አልኩ በልቤ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ወዲያው ከውስጥ የእናቴ ድምፅ ተሰማ።

«ማነው የሞተው?»

ባለሱቋ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ነገሩ ከስፒከሩ የመጣ መሆኑን ስነግራቸው እየሳቁም እየተቆጡኝም ገብተው እናቴን ግንባሯን ስመው ወጡ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችኝ።

«እኔ የሞትኩ መስሏቸው ነው?»

«አዎ፣ እማ።»

«አንቺም መስሎሽ ነበር?»

«አዎ።»

ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ።

«ቀለል አለሽ?»

ልዋሽ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውኩት። አንገቴን ደፋሁ። እሷ እጄን ፈልጋ ያዘችኝ።

«እኔም እናቴን ሳስታምም ኖሬ አረፈች ሲሉኝ እንደዚያው ሆኜ ነበር» አለች። «ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አይዞሽ።»

ከዚያ ያንን የተለቀሰበትን ሙዚቃ መልሼ እንድከፍትላት ጠየቀችኝ። ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ እጄን ግን አልለቀቀችም።

ብትቆጣኝ፣ ብትረግመኝ፣ እልኬን ይዤ እሄድ ነበር። አይዞሽ ያለችኝን ሴት ትቼ የምሄድበትን እግር ከየት ላምጣ? አርብ ከሰዓት መልሱን ሳልሰጥ ቢሮ አስፈቅጄ ቤት ገባሁ፤ ውኃ አሙቄ እግሯን አጠብኩላት። እሷ ዛሬ ለምን ቶሎ መጣሽ ብላ ጠየቀችኝ። ሥራ የለም አልኳት።