ስለ ሻምበል ተሰማ ሰይፍ የዋሸሁት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ ጾም መሻሬን ሁሉ እዘረዝርና እዚህ ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ። እናንተ ስለማታውቁኝ ይሆናል ዛሬ የደፈርኩት።

ሰው አልገደልኩም። የሰው ቤት ሰብሬም አልገባሁም። አንድ ሽማግሌ አመኑኝ፣ እኔ ዋሸኋቸው። እንዲህ ሲባል ቀላል ይመስላል። ታዲያ ቀላል ከሆነ እስከ ዛሬ ለምን ደበቅኩት?

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ካሳንቺስ ውስጥ ካራቴ አስተምር ነበር። የጃፓን ሰይፍ ፍቅር ይዞኛል፤ ማለቴ፣ ፍቅር እንኳ አይባልም፣ ልክፍት ነው። ባምቢስ ሱፐርማርኬት አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ስለ ሰይፍ የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ግን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ነው፤ አንዴ ቢወዛወዝ ከእጀታው የሚወልቅ። እኔ የምፈልገው እውነተኛውን ነበር። መለያውንም ተምሬአለሁ፦ እጀታው ሲወልቅ ውስጥ ተሸሽጎ የኖረው ብረት በዕድሜ ጠቁሮ ይገኛል፣ የአንጥረኛውም ስም በመሮ ተቀርጾበታል። ስለቱን ተከትሎም እንደ ጭጋግ የነጣ መስመር ይሄዳል።

ሰፈሩ ሁሉ ሰይፍ እንደምፈልግ ያውቃል። ሻምበል ተሰማም ሰምተው አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አስጠሩኝ። ኮሪያ የዘመቱ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ቤታቸው ለልማት ሊፈርስ ነውና ዕቃቸውን ለሰው እያደሉ ነበር። ከአልጋቸው ሥር በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አወጡ።

«ግርማ ነው የሰጠኝ» አሉ። ግርማ ከሞተ ዓመታት ያለፉት የጦር ሜዳ ጓደኛቸው ነው፤ ቆስሎ ወድቆ ሳለ ተሸክመው ከተራራ ያወረዱት። ከዳነ በኋላ ለዕረፍት ጃፓን ሄዶ፣ ያጠራቀመውን ደሞዝ በሙሉ አውጥቶ ገዛላቸው። «ሻጩ ጥንታዊ ነው ብሎታል። አንተ ታውቃለህ ይሉኛል፤ እስቲ እየውና ንገረኝ። ደህና ነገር ከሆነ ካንተ ጋር ይሁን።»

ሰገባው ተራ የወታደር ሰገባ ነበር፣ ቆዳው የተላጠ። እጀታውን የያዘችውን የቀርከሃ ሽብልቅ ገፍቼ አወጣኋት። እጀታው ወለቀ። ጥቁር ብረት፣ የተቀረጸ ስም። ወደ መስኮቱ አዞርኩት፤ ነጩ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። እውነተኛው ነበር። ካንተ ጋር ይሁን ቢሉኝም፣ እውነቱን ብነግራቸው ሐሳባቸውን ይለውጣሉ ብዬ ፈራሁ፤ ዋጋውን ያውቁና ለሌላ ይሸጡታል ብዬ ፈራሁ። ማን ዋሽ አለኝ? ማን አስገደደኝ? ማንም።

«ሻምበል፣ ይሄ የፋብሪካ ሥራ ነው» አልኳቸው። «ለወታደር ማስታወሻ እየተባለ የሚቸበቸብ።»

እዚያ ላይ ባበቃ ኖሮ ሌባ ብቻ እሆን ነበር። አላበቃም።

«ታዲያ ግርማን አታለሉት ማለት ነው?» አሉኝ።

አዎ ማለት እችል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ግን ሻጩ አታለለው ካልኳቸው፣ ለሌላ አዋቂ እናሳየው ይሉኛል ብዬ ደነገጥኩ። ነገሩን ለመዝጋት ቸኮልኩና፦ «ይሄንንማ ማንም ሲያየው ያውቀዋል» አልኩ። «በደሞዝ የሚገዛ አይደለም፤ ሲጋራ ተሰጥቶ የሚለወጥ ነው።»

ሙት ወነጀልኩ። አፉን ከፍቶ ሊመልስልኝ የማይችልን ሰው ውሸታም አደረግኩ።

ሻምበል ሰይፉን ሳይነኩት ወደ እኔ ገፉት። «ውሰደው፤ ልጆቹን አስተምርበት» አሉኝ። የአንድ ጫማ ዋጋ እንኳ የማይሞላ ብር አስቀምጬ ወጣሁ። መንገድ ላይ እየሮጥኩ እንደነበር ያወቅኩት ሰው «ምን ሆነሃል?» ሲለኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰላም አላገኘሁም። በር ሲንኳኳ ሻምበል አዋቂ ይዘው የመጡ ይመስለኛል። ሰይፉን ከቁም ሳጥን ጀርባ ደበቅኩት፤ ለተማሪዎቼም አላሳየሁት። ምን ብዬ? ከየት አመጣኸው ቢሉኝስ?

በዓመቱ ሻምበል አረፉ። ድንኳን ውስጥ ከሰው ጋር ተቀምጬ ሳለሁ፣ የግርማ ሚስት ወይዘሮ አስካለ ከለገሃር መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ማን እንደሆንኩ አያውቁም። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው ጎናቸው ላለች ሴት ሲናገሩ ሰማሁ።

«ተሰማ የግርማን ሙት ዓመት አንድም ጊዜ ቀርቶ አያውቅም ነበር። ዘንድሮ ቀረ። ሰው ብልክበት ‹እኔና ግርማ አንተዋወቅም ነበር› ብሎ መለሰልኝ። ምን አድርጌው ይሆን?»

እርስዎ ምንም አላደረጉም፣ እኔ ነኝ፣ ባልዎ አልዋሸም፣ ሰይፉ እውነተኛ ነው፣ ያውም እጅግ ውድ። ይህን ሁሉ ልነግራቸው ይገባ ነበር። ተነሥቼ ወጣሁ።

ወጣት ነበርኩ እንዳልል፣ ዛሬ ወጣት አይደለሁም፤ ዛሬም ዝም ብያለሁ። ወይዘሮ አስካለ በሕይወት አሉ፤ አርጅተዋል። ሦስት ጊዜ ደጃፋቸው ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ሻምበልን መመለስ አልችልም። የአንዲትን አሮጊት ጥያቄ መመለስ ግን እችላለሁ፤ እሳቸው ግን ዛሬም ምን አድርጌው ይሆን እያሉ ነው።

ስለዚህ ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ለእናንተ መናገር የቀለለኝ እሳቸው ፊት መቆም ስለከበደኝ ነው። ይህም ሌላ ፍርሃት ነው እንጂ ንስሐ አይደለም።