ጅማት የለበሰው ደጋኔ

ዛሬ አንድ አናጺ ቤት ደጃፍ የሚፈላ የቆዳ ሙጫ ሸተተኝና ጅጅጋ፣ የጎረቤታችን የአዴር ጉሌድ ግቢ ውስጥ ራሴን አገኘሁት።

ያኔ ወንድሜ “ደጋን የሴት ነገር አይደለም” እያለ ሲስቅብኝ፣ ደጋኔ እጄ ላይ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በሶማሊኛ “አዴር”፣ አጎቴ፣ የሚላቸው ሽማግሌ ሌላ ጠረቡልኝ። “እንጨት ብቻውን ይሰበራል” ብለው የደረቀ የግመል ጅማት በድንጋይ ቀጠቀጡ፤ እንደ ክር ሰነጠቁት። ሙጫ ውስጥ እየነከርን የደጋኑን ጀርባ አለበስነው። ጣቶቼ እርስ በርሳቸው ተጣበቁ።

“ሳይደርቅ እንዳትስበው” አሉኝ። በአዴር አማርኛ ሁሉም ሰው “አንተ” ነው፤ እናቴም ጭምር።

ሦስት ሳምንት እንደ ምንም ታግሼ ሳብኩት። ደጋኑ አቃሰተ እንጂ አልተሰበረም። ቀስቴ የወንድሜ ቀስት የወደቀበትን አልፎ፣ የቁልቋሉን አጥር ተሻግሮ ከዓይናችን ጠፋ።

አዴር ረጋ ብለው ወደ ወንድሜ ዞሩ። “አንቺ” አሉት፣ “ሂጂ፣ ቀስቱን አምጪ።”

አሁን ለወንድሜ ደውዬ ሳስታውሰው፣ “አማርኛ ስለማይችሉ ነው” አለኝ።

ይሁንለት። እኔ ግን አዴር ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ማንንም “አንቺ” ሲሉ አልሰማሁም።